ኳሱን ማየት ያቆምኩበት ዓመት

አሜሪካ የመጣሁት በ13 ዓመቴ ነው፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። እኔ የማውቀው ኳስ በእግር የሚመታውን ነበር። አንድ እሁድ የአሜሪካን ፉትቦል በቲቪ ሳይ ግን ዓይኔ አንድ ሰው ላይ ተተከለ። የዋሽንግተኑ ላይንባከር ለንደን ፍሌቸር ነበር።

ላይንባከር ከፊት ከሚጋፉት ግዙፎች ጀርባ የሚቆም የመከላከል ተጫዋች ነው። ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ይጥላል፤ ፓስ ሲመጣ፣ ማለትም ኳሱ በእጅ ሲወረወር፣ ወደ ኋላ ሄዶ ይሸፍናል። ፍሌቸር ለዚህ ቦታ አጭር ነበር፣ 1 ሜትር ከ78። የክሊቭላንድ ልጅ ነው፤ የተጫወተውም ጆን ካሮል በሚባል ትንሽ ዩኒቨርሲቲ። በ1998 ድራፍት ላይ፣ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት፣ ስሙን የጠራ ቡድን አልነበረም። ሴንት ሉዊስ ራምስ እንዲያው አስፈረሙት፤ በሁለተኛ ዓመቱ የሊጉን ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውልን፣ አሸነፈ። ከዚያ ወደ ቡፋሎ ሄደ፣ ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ዋሽንግተን። በነዚህ ዓመታት ሁሉ ከአንድም ጨዋታ አልቀረም።

እኔ 1 ሜትር ከ73 ነኝ። እሱ ከቻለ እኔስ ብዬ 10ኛ ክፍል ቡድን ገባሁ።

የመጀመሪያ ጨዋታዬን አልረሳውም። ዓይኔን ኳርተርባኩ፣ ኳሱን ተቀብሎ የሚሰጠው ወይም የሚወረውረው ተጫዋች፣ እጅ ላይ ተከልኩ። ኳሱን ለሯጩ የሰጠ መሰለኝና ወደ ፊት ተወረወርኩ። ለካ አልሰጠውም። በጀርባዬ ባዶ በተውኩት ቦታ ወረወረና ነጥብ አስቆጠሩብን። አሰልጣኛችን በማግስቱ ቪዲዮውን ከፍቶ ስለ እኔ ሩጫ ምንም አላለም። "ኳርተርባኩ ሊያታልልህ ነው የቆመው። አንተ ጋርዱን እይ" አለኝ።

ጋርድ በተቃራኒው ቡድን የፊት መስመር ከመሃል ካለው ተጫዋች ግራና ቀኝ የሚቆመው ወፍራም ልጅ ነው። ጎንበስ ብሎ ወደ ፊት ከገፋ ሩጫ ነው። ደረቱን ቀና አድርጎ ወደ ኋላ ካለ ብዙ ጊዜ ፓስ ነው። መስመሩን ለቆ ወደ ጎን ከሮጠ ደግሞ ኳሱ ወደዚያው እየሄደ ነው፤ ተከተለው። ይህን መስማት ቀላል ነው። ዓይን ግን አይታዘዝም፤ ኳሱን ነው የሚፈልገው። ማታ ማታ እናቴ ለሥራ ስትወጣ ኮምፒውተሩን ከፍቼ እቀመጣለሁ። ቪዲዮውን የጋርዱ የመጀመሪያ እርምጃ ላይ አቆምና "ሩጫ" ወይም "ፓስ" ብዬ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ እለቀዋለሁ። መጀመሪያ ግማሹን እስት ነበር። ክረምቱን በሙሉ እንዲህ አሳለፍኩ። 11ኛ ክፍል ስደርስ ፈጣን ሆንኩ ተባለ። እግሬ ያው ነው፤ ቀድሜ ነበር የምነሳው።

የሳትኩት ሌላ ቦታ ነው። ከፍሌቸር ሁሉን ስወስድ ያንን አለመቅረቱንም ወሰድኩ። በዚያው ዓመት፣ በ2011፣ አንድ ጨዋታ ላይ አንገቴን ደፍቼ ገባሁና በጭንቅላቴ ተጋጨሁ። ስነሳ መብራቱ ሁለት ሁለት ሆኖ ታየኝ። ዝም አልኩ። ቀጥሎ የተሳሳተ ጎን ቆሜ ያየኝ ጓደኛዬ ለአሰልጣኙ ነገረው። አሰልጣኙ ሄልሜቴን ወስዶ ደበቀው። በዚያው ዓመት የወጣው የሜሪላንድ ሕግ ጭንቅላቱ ተጎድቷል ተብሎ የተጠረጠረ ተማሪ ወዲያው ይውጣ፣ ያለ ሐኪም ፈቃድም አይመለስ ይላል። ያን ቀን አልቅሻለሁ። ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ።

እናቴ "ልጄ፣ ጭንቅላት መለዋወጫ የለውም" ብላ ከዚያ በላይ አልተናገረችም። በሚቀጥለው ሜይ ወር ትልቁ ላይንባከር ጁኒየር ሴው በ43 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ከተደጋጋሚ ምት ጋር የሚያያዘው ሲቲኢ የሚባል በሽታ ተገኘበት። ዜናውን ሳነብ ያ ሁለት ሁለት የሆነው መብራት ትዝ አለኝ።

12ኛ ክፍል ቀና ብዬ፣ ጭንቅላቴን ወደ ጎን አድርጌ በትከሻዬ መጣል እንደገና ተማርኩ። ኮሌጅ ላይ የጠራኝ የለም። ፍሌቸር በ2013 ሲያቆም በተከታታይ 256 ጨዋታ ነበረው። አሁንም አደንቀዋለሁ።

ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን አሰለጥናለሁ። ልምምድ ከመጀመራችን በፊት አንድ በአንድ "ራስህን ያምሃል?" ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱን ዓይናቸውን እያየሁ እሰማለሁ። ከዚያ ጋርዱን ማየት እንጀምራለን።