እማዬና የኬንት ጥዶች

ወላጆቻችን ከአገር ቤት ለጉብኝት ሲመጡ የምንወስዳቸው ቦታ የታወቀ ነው። የገበያ አዳራሽ፣ የቤተ መንግሥቱ በር፣ የወንዙ ዳር። ፎቶ ተነስተን ወደ ቤት። በማግስቱ እኛ ወደ ሥራ፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ እናት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ።

እማዬ ለንደን ከመጣች ጀምሮ ይኼ ነገር ያሳስበኝ ነበር። ቤት ሙሉ ሰው ስታስተዳድር የኖረች ሴት ናት። እዚህ ግን የሻወሩን ውኃ ለማሞቅ እንኳ ሰው መጠየቅ ነበረባት። የልጅ ልጆቿ ሳይቀሩ "እማማ፣ እንደዚህ ነው" እያሉ ያሳይዋታል። እሷ ለእነሱ የምታሳያቸው ነገር አጥታ ዝም ማለት አበዛች።

ግንቦት ላይ ትምህርት ቤት ለአንድ ሳምንት ሲዘጋ ባለቤቴ "ቤጅበሪ እንሂድ" አለ። ኬንት የሚባለው የእንግሊዝ ክፍለ አገር ውስጥ ነው። ጫካ ነው፤ ጫካው ውስጥ ደግሞ ፓይኒተም የሚሉት የጥድና የጥድ ዘመዶች ስብስብ አለ። ከዓለም ዙሪያ የመጡ ከ10,000 በላይ ዛፎች አሉበት። ክፍያው በመኪና እንጂ በሰው ቁጥር ስላልሆነ ቤተሰቡን ሁሉ ጭኖ ለሚሄድ ይመቻል።

እማዬ መጀመሪያ ብዙም ደስ አላላትም። "ዛፍ ለማየት ይኼን ሁሉ መንገድ?" አለች። ነጠላዋን ከካፖርቷ ላይ ደርባ ከኋላ ተቀመጠች።

መኪናውን አቁመን ወደ ሸለቆው መውረድ ስንጀምር ግን ቆመች። አየሩን ሳበች። ከዚያ ከእኔ ቀድማ መሄድ ጀመረች። ለንደን ውስጥ እንደዚያ ከፊቴ ስትራመድ አይቻት አላውቅም።

ጥዶቹ ጋ ስንደርስ መሬት ላይ የወደቀች ቅርንጫፍ አነሳች። ዛፎቹ የተተከሉት ለምርምርም ስለሆነ ከላያቸው እንዳይቀጥፉ ለልጆቹ አስቀድመን ነግረናቸዋል። ቅጠሉን በሁለት ጣቶቿ አሸችና ለትንሹ ልጄ አፍንጫው ላይ አደረገችለት። "ሽተት። ይኼ የጥድ ወገን ነው" አለችው። የእኛው የሐበሻ ጥድ አልነበረም። ዘመዱ ነው። ሽታው ግን ዘመድነቱን አይደብቅም። ቅጠሉ ወጋው መሰለኝ፣ ልጁ እጁን ሰበሰበ። "የእኛም ትንሽ ሆኖ እንዲህ ይዋጋል" አለች። "ሲያድግ ነው ቅጠሉ የሚለሰልሰው። እየተደራረበ፣ እንደ ተጎነጎነ ክር ይሆናል።"

ፍሬውንም አሳየቻቸው። ሰማያዊ፣ አመድ የተነሰነሰባት የምትመስል ክብ ፍሬ ናት፤ ከሽምብራ አትበልጥም። እማዬ በአውራ ጣቷ ጠረግ ስታደርጋት አመዱ ለቀቀና ጠቆር ያለ ቆዳ ወጣ። ልጄ የት እንደምትበቅል ጠየቀ። "ፍሬ የምትይዘው ሴቷ ናት። ወንዱ አይይዝም" አለችው። እውነቷን ነው፤ ጥድ በአብዛኛው ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው። እኔ ይኼን አላውቅም ነበር። ባለቤቴም አያውቅም። ልጆቹ በአማርኛ ይሰማሉ፣ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። ያን ቀን ግን ለእማማ የሚጠይቁት ስለበዛ አማርኛቸውን ከየት እንዳወጡት እንጃ።

ለመሆኑ ይኼ ሁሉ ዛፍ ገጠር ውስጥ ምን ሊሠራ ተሰበሰበ? ታሪኩን ለእማዬ እየተረጎምኩ ነገርኳት። ስብስቡ ቀድሞ ለንደን፣ ኪው ጋርደንስ በሚባለው የዕፅዋት ማዕከል ነበር። ያኔ ከተማዋ የምትሞቀው በድንጋይ ከሰል ነው። ቅጠሉን በየዓመቱ የሚያራግፍ ዛፍ ጥላሸቱንም አብሮ ያራግፋል። የጥድ ዓይነቱ ግን ያንኑ ቅጠል ለዓመታት ይዞት ስለሚቆይ ጭሱ እየተከመረበት ይታፈናል። ስለዚህ ኪውና የመንግሥት የደን መሥሪያ ቤቱ ተስማምተው በ1925 ብሔራዊ ስብስቡን አየሩ ንጹሕ ወደሆነው ቤጅበሪ አመጡት። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) "ደግ አደረጉ" አለች እማዬ።

ከዚያ በኋላም በሰላም አልኖረም። ጥቅምት 1987 በአንድ ሌሊት ደቡብ እንግሊዝን የመታው አውሎ ነፋስ እዚህ ካሉት ዛፎች ሩብ የሚጠጋውን ጣለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዛፍ እንደገና ተተክሏል። እማዬ ይኼን ስትሰማ ጥቂት ቆየችና "እንደገና ተከሉት?" አለች። አዎ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

ባለቤቴ እዚህ ላይ የመናገሻውን ሱባ ጫካ አነሳ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ወፍ ዋሻ ከሚባለው ጫካ ዘር አስመጥተው ጥድ አስተከሉበት ይባላል፤ ይህ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መሆኑ ነው። ተቆርጦ የተራቆተ ተራራ መልሶ ለማልበስ ንጉሥ ያዘዘበት አገር ልጆች መሆናቸውን ልጆቼ እንግሊዝ አገር ጫካ ውስጥ ሰሙ። እኔን ያኮራኝ ነገር ቢኖር ይኼ ነው።

ስለ አንድ ዛፍ ግን ሳልናገር አላልፍም። ወለማይ ይባላል፤ ቤጅበሪም ተተክሎ እያደገ ነው። ዘመዶቹ የሚታወቁት ከድንጋይ ቅሪት ነበር፣ ከዳይኖሰሮች ዘመን። በ1994 አንድ የፓርክ ጠባቂ ከሲድኒ ብዙም ሳይርቅ፣ አውስትራሊያ ተራሮች ውስጥ፣ ጥልቅ ገደል ውስጥ በሕይወት አገኘው። በዱር ያሉት ሙሉ ዛፎች 100 አይሞሉም። ለዚህ ነው ችግኙን እያባዙ በየአገሩ የሚተክሉት፤ አንዱ ቦታ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል። የተገኘበት ገደል የት እንደሆነም ለሕዝብ አይነገርም።

እማዬ ይኼ ገባት፤ በጣም ገባት። "እኛም ጋ የተረፈው ቤተ ክርስቲያን ያለው ነው" አለች። "ሰው ስለፈራው ነው የተረፈው። ጥዱም ዝግባውም።" ዝግባ ከጥድ ጋር አንድ ወገን መሆኑን ነገርኳት። በብዙ የሰሜን ወረዳዎች አሮጌ ጥድና ዝግባ ማየት የፈለገ ሰው የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ተከትሎ መሄድ አለበት። በየከተማው አጥር ላይ ተስተካክሎ የሚከረከመው የፈረንጅ ጥድ ግን ሌላ ነው፤ ትውልዱ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው።

ልጆቹ የወደዱት ሬድዉድን ነው። የካሊፎርኒያ ዛፍ ነው፣ እዚያ ከ115 ሜትር በላይ የሚደርስ አለው። ቅርፊቱ ቀላ ያለ፣ ወፍራምና ለስላሳ ስለሆነ በአውራ ጣት ሲጫኑት ገባ ይላል። እሳት ሲመጣ ግንዱን የሚከላከልለት ይኼው ቅርፊት ነው። ትልቋ ልጄ ግንዱን አቅፋ እማማን "ነይ አንቺም" አለቻት። አቀፈችው።

ምሳችንን ሐይቁ አጠገብ በላን። ከሰዓት በኋላ ባለቤቴና ትልቋ በጫካው በኩል ወዳለው የብስክሌት መንገድ ሄዱ፤ ፓይኒተሙ ራሱ ለእግረኛ ነው። እኛ ቀስ እያልን ዞርን። ዳገት ቁልቁለቱ ለጉልበት ቀላል ስላልሆነ አዛውንት ይዞ የሚመጣ ጊዜ ይያዝ። ጥሩ ጫማ ያስፈልጋል፣ ሣሩ ከዝናብ በኋላ ያንሸራትታል። ሌላው ጥንቃቄ የው የሚባለው ዛፍ ነው። በመከር ወራት የሚይዘው ቀይ ፍሬ ያጓጓል፤ ፍሬው ውስጥ ያለው ዘርና ቅጠሉ ግን መርዝ ነው። ሕፃን ይዞ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ይንገረው።

ትንሹ ልጄ ጫካው መንገድ ላይ ከወደቁት እንጨት መሰል የጥድ ፍሬዎች አንዷን ይዞ መጣ። ቤት ስንገባ እማዬ ጎድጓዳ ሳህን ውኃ ሞልታ "እዚህ ክተታት" አለችው። ተከፍታ የነበረችው ፍሬ ከእራት በኋላ ጥርቅም ብላ ተዘግታ አገኛት። ውኃ የጠጣው የቅርፊቷ ውጫዊ ወገን ከውስጡ ይበልጥ ስለሚያብጥ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ዝናብ ሲሆን ዘሯን ትይዛለች፣ ፀሐይና ነፋስ ሲሆን ትለቃለች። እማዬ ይኼን በሳይንስ አልተማረችም። አይታ ነው የምታውቀው።

በማግስቱ ልጁ ከትምህርት ቤት ጓደኛው ጋር በስልክ ሲያወራ "አያቴ ስለ ዛፍ ሁሉን ታውቃለች" ሲል ሰማሁት። ጥቅምት ላይ ላርችና የረግረግ ሳይፕረስ የሚባሉት ዛፎች ከመርገፋቸው በፊት ወርቃማና ቀይ ቀለም ይይዛሉ። ጥድ መሰል ሆነው ቅጠላቸውን የሚያራግፉ ጥቂቶች ናቸው። እማዬ የመመለሻ ትኬቷን ወደ ኅዳር እንዳዛውርላት ጠይቃኛለች።