ከጉልበት በታች ያለው ጫካ

እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት፣ አንድ ጎረቤቴ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ጫካ እንዳጠና ፈቀደልኝ። ሐምሌ ላይ ገመድ፣ አራት ካስማና ደብተር ይዤ ገባሁ። በየጎኑ 10 ሜትር የሆነ ቦታ ከልዬ ያለውን ሁሉ መቁጠር ያዝኩ።

ትልልቆቹን ዛፎች፣ ሜፕልንና ኦክን፣ መለየት አልከበደኝም። የሜፕል ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል፤ የኦክ ግን አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ እየተፈራረቀ ነው። የቀይ ኦክ ቅጠል ጫፎቹ ይሾላሉ፣ የነጭ ኦክ ይዶለዱማሉ። የግንዱን ውፍረት የደን ባለሙያዎች እንደሚያደርጉት ከመሬት 1.37 ሜትር ላይ ለካሁ።

የገረመኝ ከጉልበት በታች ያለው ነው። ከላይ ያሉት ግዙፎች አብዛኞቹ ቀይ ኦክ ሆነው ሳለ፣ ከሥራቸው የሚያድገው ከሞላ ጎደል ሜፕል ብቻ ነበር። ያገኘሁት የኦክ ችግኝ አንድ ነው፤ ሦስት ቅጠል አለው፣ አንዱን አጋዘን ቀንጥሶታል። ሹገር ሜፕል የሚባለው የሜፕል ዓይነት ጥላ ይችላል፤ ቀጭኖ ለዓመታት ይቆይና ትልቅ ዛፍ ወድቆ ብርሃን ሲገባ ይመዘዛል። ኦክ እንዲህ አይችልም። ድሮ እሳት አልፎ አልፎ ያልፍ ስለነበር ቀጭን ቅርፊት ያለው ሜፕል ይሞታል፣ ኦክ ግን ከላይ ቢቃጠልም ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ሰው እሳቱን ማጥፋት ሲጀምር ተራው የሜፕል ሆነ።

ሐምሌ መጀመሬ ግን ስህተት ነበር። በማግስቱ ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ፣ ዛፎቹ ቅጠል ሳያወጡ ብመለስ፣ ደብተሬ ላይ «ባዶ» ብዬ የጻፍኩት መሬት ትራውት ሊሊ በምትባል አበባ ተሸፍኗል፤ ቅጠሏ እንደ ዓሣ ቆዳ ዝንጉርጉር ነው። ጥላው ሳይወርድባት በጥቂት ሳምንት አብባ፣ አፍርታ፣ ከመሬት በላይ ያለው አካሏ ይጠፋል። አንድ ጊዜ ብቻ የቆጠረ ሰው የጫካውን ግማሽ አላየም።

ሌላው የመሬት ትል ነው። የአፈር ወዳጅ እንደሆነ ሰምቼ ነው ያደግሁት። እዚህ ግን ከበረዶ ዘመን ወዲህ የአገሩ ትል የለም፤ ከአውሮፓ የመጣው የረገፈውን ቅጠል እየበላ አበቦቹና ችግኞቹ የሚበቅሉበትን ምንጣፍ ይጨርሰዋል። ዓሣ አጥምዳችሁ የተረፋችሁን ትል እባካችሁ ጫካ አትድፉ።

ያችን የኦክ ችግኝ ጎረቤቴን አስፈቅጄ በሽቦ አጠርኳት። ዘንድሮ ሰባት ቅጠል አላት።