ከዴይተን ልጆች ለኔ ኤድዊን ሞሰስ

ዛሬ «ዴይተን፣ ኦሃዮ ማንን አፈራች?» የሚል ክርክር ነበር የዋለው። ያው ሁሉም የሚጠራው የአውሮፕላን ፈልሳፊዎቹን የራይት ወንድማማቾችን ነው (እዚያ የተወለደው ግን ኦርቪል ብቻ ነው፤ ዊልበር የኢንዲያና ልጅ ነው)። ገጣሚው ፖል ሎረንስ ደንባርም የኦርቪል የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበር።

የኔ ሚዛን ግን የሚያጋድለው ወደ መሰናክል ሯጩ ኤድዊን ሞሰስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ዴይተን ተወለደ፤ ከ1977 እስከ 1987 በ400 ሜትር መሰናክል 122 ውድድሮችን በተከታታይ አሸነፈ።

ምስጢሩ እርምጃው ላይ ነው። 10 መሰናክሎች አሉ፤ ቁመታቸው 91.4 ሴንቲ ሜትር፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት 35 ሜትር። ሞሰስ ያንን ርቀት እስከ መጨረሻው መሰናክል ድረስ በ13 እርምጃ ይጨርሰዋል። ሌላው በ13 ቢጀምርም ሲደክም እርምጃው ያጥራል። 14 ሲሆን መሰናክሉን ሲዘል የሚያስቀድመው እግር ይቀየራል፤ በዚያኛው እግር ካልተለማመደ መሰናክሉ ስር ሲደርስ እየቆራረጠ ይረግጣል፣ ፍጥነቱም እዚያው ይሞታል። በ15 ቢሄድ እግሩ አይቀየርም፣ ሰዓቱ ግን ያመልጠዋል። ጥምዙ ላይ ደግሞ ቀኝ እግሩን የሚያስቀድም ሯጭ መጠንቀቅ አለበት፤ የኋላ እግሩ በመሰናክሉ ጎን ዝቅ ብሎ ካለፈ ይሰረዛል።

ሰውየው ፊዚክስ ነው ያጠናው፣ ያውም የራሱ መም በሌለው ሞርሃውስ ኮሌጅ። በ1983 የሮጠው 47.02 የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ እስከ 1992 ቆይቷል።