የኒያላ በጠጥ በፌስታል

ኒያላ ምን ይበላል? የማስተርስ ጥናቴ ጥያቄ ይቺው ነበረች። ቀላል ትመስላለች አይደል? ለእኔም እንደዚያ መስላኝ ነበር። መመረቂያ ጽሑፌ ላይ ያልገባውን ነገር እዚህ ልጻፈው። ከእኔ በፊት የሄደ አንድ ሰው ይህን ቢነግረኝ ኖሮ ናሙናዬ ባልሻገተ፣ እኔም 16 ቀን የማላውቀው ከተማ ውስጥ ባልተንከራተትኩ።

ኒያላ ወይም የደጋ አጋዘን የምንለው እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። እዚህም ቢሆን የሚኖረው ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉት ከፍታዎች ላይ ብቻ ነው፤ ብዙው ባሌ ነው ያለው። ሳይንስ ስም ያወጣለት ዘግይቶ፣ በ1910 እ.ኤ.አ. ነው። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህን የሚያህል እንስሳ ያን ያህል ዘመን ተደብቆ መኖሩ ይገርመኛል። የተደበቀው ከፈረንጅ ነው እንጂ ከባሌ ሰው አይደለም በእርግጥ። አላየሁትም የምትሉ ካላችሁ፣ የድሮ 10 ሳንቲም ፈልጉ። ምንም ባይገዛም ጀርባው ላይ ያለው እሱ ነው።

የዝግጅቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ፕሮፖዛል ጻፍኩ፣ አማካሪዬ ሦስት ጊዜ መለሰው፣ በአራተኛው አለፈ። የጥናት ፈቃድ ወጣ። ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ተሰጠኝ (ይቺን ደብዳቤ አስታውሷት)። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እስካለባት ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጋቢ ያዙ። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ ህዳር ላይ ጠዋት ስትነሱ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ሥራው ራሱ ደስ ይላል። ዲንሾ አጠገብ ጋይሳይ የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ። ኒያላዎቹ ማለዳና ወደ ማታ ይወጣሉ፤ ፀሐይ ሲበረታ ጥዱና ኮሶው ሥር ገብተው ይተኛሉ። ስለዚህ እኔም ከንጋት እስከ 4 ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ከ10 ሰዓት እስኪመሽ እከተላቸዋለሁ። ሴቶቹ ቀንድ የላቸውም፤ ግልገሎቻቸውን ይዘው በመንጋ ነው የሚሄዱት። አንዷ ጭቁኝ ቁጥቋጦ ላይ አፏን አሹላ ለጋውን ብቻ እየመረጠች ስትቀጥፍ ቁጭ ብዬ ስንት ሰዓት እንዳየሁ እንጃ። በዚያው ሜዳ ላይ በሆር የሚባለው ትንሽ የአጋዘን ዓይነት ሣሩን ይግጣል፣ ከርከሮ በጉልበቱ ተንበርክኮ መሬት ይቆፍራል። ሦስቱ አንድ ማዕድ ቀርበው የየራሳቸውን ወጥ የሚበሉ ይመስላሉ።

ግን በዓይን ማየት አይበቃም። እንስሳው ቁጥቋጦ ውስጥ ከገባ ምን እንደቀጠፈ አይታይም፤ ሌሊት ደግሞ ጭራሽ። ስለዚህ የሚታመነው በጠጡ ነው። ቅጠል ሲፈጭ የላዩ ስስ ቆዳ ብዙ ጊዜ ሳይፈጭ ይወጣል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የእያንዳንዱ ተክል ቆዳ እንደ ቀሚስ ጥለት የራሱ መልክ አለው። የሣር ሕዋሳት በረድፍ የተደረደሩ ናቸው፤ የቅጠላ ቅጠሉ ግን ዝብርቅርቅ ያለ ነው። መጀመሪያ ከአካባቢው ተክሎች ማመሳከሪያ ትሠራላችሁ፣ ከዚያ በጠጡን ታጥባላችሁ፣ ታነጻጽራላችሁ። እንከንም አለው፤ ለስላሳ ተክል ሆድ ውስጥ ሟሙቶ ስለሚቀር ያነሰ ይመስላል።

ችግሩ የጀመረው በጠጡን ከመለየቱ ነው። የናሙና አሰባሰብ መመሪያው «በየመስመሩ ያገኘኸውን ሁሉ ልቀም» ይላል። እኔም ለቀምኩ። አብረውኝ የሚዞሩት ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። የመጀመሪያ ቀን የለቀምኩትን መዳፋቸው ላይ ዘርግተው ቆጠሩት።

«ይሄ የፍየል ነው። ይሄ የበሆር። ይሄም የፍየል። ይቺ አንዷ ናት የኒያላ።»

«እንዴት ያውቃሉ ጋሼ?»

«አንተ የእናትህን ጎመን ከጎረቤት ጎመን አትለይም?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትጥል ያየሁትን ብቻ ነው ያነሳሁት። ቀርፋፋ ነው፤ አንዳንድ ቀን ሁለት ናሙና ይዤ እገባለሁ። መመሪያው ብዙ ሰብስብ ይላል። እኔ ግን ያላያችሁትን 200 ከመሰብሰብ ያያችሁትን 40 ሰብስቡ እላለሁ። የፈለገ ይቆጣ።

ጋሼ የነገሩኝ ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን ግን አልሰማሁም። በጠጡን ዚፕ ባለው ላስቲክ፣ እሱ ሲያልቅብኝ ደግሞ በፌስታል እየቋጠርኩ ሳስቀምጥ አይተው፣ «ልጄ፣ እርጥብ ነገር በፌስታል ይታፈናል። ምድጃ አጠገብ አድርቀውና በወረቀት ጠቅልለው» አሉኝ። እኔ ምን አልኩ? «መመሪያው እንደዚህ ነው የሚለው።» መመሪያው በእርግጥ በላስቲክ አሽገህ በረዶ ላይ አስቀምጥ ይላል። በረዶው የታለ? ማቀዝቀዣ በሌለበት ካምፕ ግማሹን ትእዛዝ ፈጽሜ ግማሹን ተውኩት፤ ከሁለቱም የከፋው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ዙር ነሐሴ ላይ ነበር። ያኔም በፌስታል ነው የያዝኩት፣ ግን ምንም አልሆነም። ለምን? በጀርባ ቦርሳዬ ይዤው በሁለተኛው ቀን ላብራቶሪ ስለደረሰ። ማንም አልጠየቀኝም። ዕድል መሆኑን አላወቅኩም፤ ጉብዝና መሰለኝ።

ሁለተኛው ዙር ህዳር ላይ ነበር። 84 ናሙና በሁለት ካርቶን አሽጌ፣ ላዩ ላይ በጉልህ «የጥናት ናሙና» ብዬ ጻፍኩበት። ሕጋዊ መሆኔ ነው። ስሟን በማልጠራት ከተማ ኬላ ላይ ፈታሹ ካርቶኑን አየና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ።

«የኒያላ በጠጥ ነው» አልኩት።

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ «የዱር እንስሳ ነዋ?» አለና መሳቁን አቆመ። አውቶቡሱ እኔን ጥሎኝ ሄደ። ካርቶኖቼና እኔ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ተመራን።

ኃላፊው ደብዳቤዬን ሁለቴ አነበቡት። «ጥናት ለማካሄድ ስለሆነ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት» ይላል። መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ናሙና የሚል ቃል አሳየኝ» አሉኝ። አገላብጬ ፈለግኩ። የለም። ጥናት ነው የሚለው እንጂ ከዚያ ይዞ መውጣት የሚል ነገር የለውም። ሰውዬው ልክ ነበሩ። እስከዛሬ የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው፤ ልክ ባይሆኑ እኮ እንደ ልቤ እሰድባቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ልክ አልነበረም። ካርቶኑ በምን ስም እንደሚመዘገብ ክርክር ተነሳ። የእንስሳት ተዋጽኦ ከተባለ የእንስሳት ጤና ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ቆሻሻ ከተባለ ደግሞ፣ «ታዲያ ቆሻሻ ተሸክመህ አዲስ አበባ ምን ልታደርግ ነው?» ተባልኩ። መልስ አልነበረኝም። በመጨረሻ «ልዩ ልዩ» ተብሎ ተመዘገበና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጋዘን ውስጥ ገባ። ቀን ቀን እዚያ ውስጥ እንጀራ ይጋገር ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩ።

አዲስ ደብዳቤ በቴሌግራም አስላክሁ። «ፎቶ ነው፣ ዋናውን አምጣ።» ዋናውን አንድ ሾፌር በስድስተኛው ቀን አመጣልኝ። ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ቁጥር ግን የለውም። የእኛ መዝገብ ቤት ቁጥር መስጠት ረስቶ! ተመለሰ። ሁለተኛው ሲደርስ ኃላፊው ሥልጠና ሄደዋል። ሲመለሱ መሩልኝ። የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው ሰው ደግሞ የእህቱ ሰርግ ነው ተባለ። በየቀኑ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል እዚያ በር ላይ ነኝ። ጸሐፊዋ አሳዝኛት ሻይ ታዝልኝ ጀመር።

በአምስተኛው ቀን አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ። «ካርቶኑን አልወስድም። እዚሁ ፊታችሁ ልክፈተውና ጋዜጣ ላይ ላስጣው። ይበሰብስብኛል።» መልሱ «የታሸገ ዕቃ አይከፈትም» ነበር። ያሸግኩት እኮ እኔ ነኝ! ያን ቀን ባለመጮኼ እቆጫለሁ። እንደ ጨዋ ልጅ አመስግኜ ነው የወጣሁት።

በ16ኛው ቀን ተለቀቅሁ። አዲስ አበባ ላብራቶሪ ውስጥ የመጀመሪያውን ፌስታል ስፈታ የላብራቶሪ ባለሙያዋ ምንም ሳትናገር ተነስታ መስኮቱን ከፈተች። ነጭ ሻጋታ እንደ ጥጥ ወሮታል። አንዳንዱ ውስጥ ትል ይርመሰመሳል። ሻጋታው ያንን የምፈልገውን ስስ ቆዳ ነው የሚሸፍነው፣ የሚበላውም። ከ84ቱ የተረፉት 31 ናቸው። እነሱም ቢሆኑ የተረፉት ነገሩን ጥብቅ አድርጌ ስላልቋጠርኩት፣ በስንፍናዬ ነው።

ተመልሼ ልሂድ? ገንዘቡ አልቋል። ወቅቱም አልፏል።

አሁን የሚሄድ ሰው ቢጠይቀኝ የምለው ይሄ ነው። ደብዳቤውን ራሳችሁ አርቅቁና አስፈርሙ፤ ናሙና «ለመሰብሰብ፣ ለማድረቅና ይዞ ለመውጣት» የሚል ቃል በቃል ይኑረው። ቁጥሩን ከመዝገብ ቤቱ በር ሳትወጡ እዩ። ሦስት ዋና ቅጂ ያዙ። ፌስታል የሚባል ነገር ከሻንጣችሁ አውጡ፤ ካኪ ፖስታ በቂ ነው፣ ርካሽም ነው። የደረቀ በጠጥ ወር ቢቆይ ምንም አይሆንም። የፍየልና የበግ በጠጥም ለማመሳከሪያ ያዙ። ተክሉን በዚያው ቀን ልቀሙ፣ ጋዜጣ ውስጥ ተጭኖ ይድረቅ፣ ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ። የተክሎቹን ስም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ስብስብ የሚቀመጥበት) አረጋገጠልኝ፤ ሳይበላሽ የሄደ አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ስካውታችሁ ደግሞ የሚሏችሁን ጻፉት። ጋሼ በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ኒያላው በጥይት ሲያልቅ፣ የተረፈው ዲንሾ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አካባቢ ሲጠለል ያዩ ሰው ናቸው። የእኔ መመሪያ ያኔ የት ነበር?

ውጤቱስ? በተረፈው እንዲህ ነው። ኒያላ ቅጠል በል ነው እየተባለ ይነገራል፤ ነሐሴ ላይ ግን ከጠበቅኩት በላይ ለጋ ሣር አገኘሁ። ደረቁ ወቅት ሲመጣ ወደ ጭቁኙና ወደ ቁጥቋጦው ይዞራል። ይህ ጽሑፌ ላይ አለ፣ በሠንጠረዥ።

የሌለው ገብሱ ነው። ጋይሳይ ዳር የሚያርሱ አንድ ሽማግሌ ህዳር ላይ ማማቸው ድረስ ወስደው ማሳቸውን አሳይተውኛል። ሌሊት ከነውሻቸው ያድራሉ፤ ኒያላው ግን ገብሱን ይገባበታል። «ስነግራቸው አያምኑኝም። አንተ በዚያ መሣሪያህ አይተህ ጻፍልኝ» አሉኝ። እጽፋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ፤ የህዳሩን ዙር ያን ያህል የጓጓሁለትም ለዚያ ነበር። ከተረፉት 31 ውስጥ በሦስቱ የገብስ ቆዳ አገኘሁ። አማካሪዬ «በሦስት ናሙና ገብስ ይበላል ብለህ አትደመድምም፤ አውጣው» አለ። እውነቱን ነው። አወጣሁት።

ሽማግሌው ስልኬን ይዘዋል። አዝመራ በደረሰ ቁጥር ይደውሉልኛል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ እናቴ ጤና ከተጠያየቅን በኋላ «ያቺ ነገርስ?» ይሉኛል። እኔም አባባ፣ ገና ነው፣ እላለሁ።