ውሃ የጠበቀው ደን

ከጀርመኗ ኮሎኝ ከተማ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ባቡር ቡይር በምትባል ትንሽ ጣቢያ ሲቆም አብረውኝ የወረዱት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ማለዳ ነው፤ ጭጋጉ ገና ከማሳው ላይ አልተነሣም። አስጎብኚዬ መኪናቸውን ተደግፈው ይጠብቁኝ ነበር። በሃምባህ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሥራቸው ምን እንደነበረ ስጠይቃቸው «ፓምፕ» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም። ያቺ አንድ ቃል የጉዞዬ ሁሉ ቁልፍ እንደምትሆን ያኔ አልገባኝም ነበር።

መንገዱ ለጥ ያለ የእርሻ መሬት ይቆርጣል። ኤልስዶርፍ ደርሰን ከመኪናው ወርደን ጥቂት እንደተራመድን ምድሩ አለቀ። ከፊታችን ያለው ጉድጓድ ከሚባል ይልቅ ሰው የሠራው ሸለቆ ቢባል ይቀርባል። ወለሉ ከላይኛው ሜዳ 400 ሜትር ገደማ፣ ከባሕር ወለል ደግሞ 300 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሏል። በሩቅ አንድ ቆፋሪ ማሽን ይታየኛል፤ ትልቅነቱን የተረዳሁት በእግሩ ሥር የምታልፈዋ ቢጫ ነጥብ መኪና መሆኗ ሲነገረኝ ነው። ቁመቱ 96 ሜትር ነው፤ በአንድ ቀን እስከ 240,000 ሜትር ኩብ አፈር መቆፈር ይችላል።

እኔን ግን ከማሽኑ ይልቅ ግድግዳው ያዘኝ። ከላይ ነፋስ ያመጣው ለም አፈር አለ፤ የዚህ አገር ገበሬ የሚኖርበት እሱ ነው። ከሥሩ የጥንት ወንዞች ያንከባለሉት ጠጠር፣ ከዚያ ነጭ አሸዋ፣ ሸክላ፣ እንደገና አሸዋ ይከተላል። ከታች፣ ዓይን በሚደክምበት ጥልቀት፣ ቡናማና ጥቁር ንጣፍ ተዘርግቷል። በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ 70 ሜትር ይደርሳል። ሊግናይት የሚባለው ቡናማው የድንጋይ ከሰል ይህ ነው።

ይህን ያህል ውፍረት እንዴት ሊከማች ቻለ? መልሱ ያለው በምድሩ ስንጥቆች ነው። የታችኛው ራይን አካባቢ ስምጥ ነው፤ ትላልቅ ብሎኮች በስንጥቆች መካከል ቀስ በቀስ ሲሰምጡ ኖረዋል፣ ዛሬም አላቆሙም። እ.ኤ.አ. በ1992 የኔዘርላንድስን ሩርሞንድ ከተማ የመታው ርዕደ መሬት የዚሁ እንቅስቃሴ ውጤት ነበር። ማዮሲን በተባለው ዘመን፣ ከ15 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ፣ እዚህ ሞቃትና እርጥብ ረግረግ ነበረ። ዛፍ ይወድቃል፣ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ በላዩ ሌላ ይበቅላል። መሬቱ በፍጥነት ቢሰምጥ ኖሮ ረግረጉ ሐይቅ ይሆን ነበር፤ ባይሰምጥ ደግሞ ዕፅዋቱ አየር ላይ በስብሰው ይጠፉ ነበር። የመሬቱ መስመጥና የዕፅዋቱ መከማቸት ለረጅም ዘመን እኩል ሄዱ። በኋላ የሰሜን ባሕር ገፍቶ መጣና አሸዋውን ጫነባቸው።

አስጎብኚዬ ከመኪናቸው የኋላ ሣጥን በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሰጡኝ። ክንዴን የሚያህል ጥቁር ቡናማ ቁራጭ ነው። እርጥብ ነው፤ ይከብዳል። ጫፉን ወደ ብርሃን ሳዞረው የዛፍ ቀለበቶች አየሁ። ሰፊው ቀለበት፣ ጠባቡ ቀለበት፣ አንድ ቦታ ላይ ቅርንጫፍ የበቀለበት ጉጥ ሳይቀር አለ። በጥፍሬ ስጭረው እንደ እንጨት ተላጠ። ከእጄ ያለው ድንጋይ አልነበረም፤ መበስበስ የተከለከለ ግንድ ነበር።

«ማን ከለከለው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ውሃ» አሉኝ። «ውሃ አየርን ከለከለለት። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ውሃ ሳስወጣ ኖርኩ።»

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ ያየሁት በዚህ ንግግር ነው። ከሰሉ ከሰል ሆኖ የቆየው ውሃ ገብቶ አየር ስለወጣ ነው፤ ማዕድን ማውጣት ደግሞ ውሃውን አስወጥቶ አየሩን ማስገባት ነው። ጉድጓዱ እንዳይጥለቀለቅ በዙሪያው የተቆፈሩት የፓምፕ ጉድጓዶች በዚህ የከሰል ምድር በየዓመቱ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሜትር ኩብ የከርሰ ምድር ውሃ ይስባሉ። ውሃው የሚሸሸው ከጉድጓዱ ብቻ አይደለም፤ ርቀው ካሉ አካባቢዎችም ጭምር ነው። መሬቱ ይታመቃል፣ ዝቅ ይላል። በሰሜን በኩል በጋርስቫይለር ማውጫ አቅራቢያ ያሉ ረግረጎች እንዳይደርቁ ውሃ በሰው እጅ መልሶ ወደ መሬት ይገባላቸዋል። ረግረግ በቧንቧ እየጠጣ ሲኖር ማሰብ እስካሁን ያሳዝነኛል።

አየሩም ሥራውን ይሠራል። በንጣፎቹ ውስጥ ብረትና ሰልፈር የያዘ ፒራይት የተባለ ማዕድን አለ። ውሃ ውስጥ ሳለ ማንንም አይጎዳም፤ ኦክስጅን ሲያገኘው ግን ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጥራል። ስለዚህ ተመልሶ በሚደፋው አፈር ላይ አሲዱን እንዲያረግብ ኖራ የሚጨመርበት ጊዜ አለ።

ትልቁ የአየር ሥራ ግን የሚፈጸመው ማቃጠያው ውስጥ ነው። ከጉድጓዱ ዳር ሆነን የኒደርአውሰም ኃይል ማመንጫ ይታየናል። 200 ሜትር ከሚረዝመው የማቀዝቀዣ ማማ የሚወጣውን ነጭ ደመና ብዙ ጎብኚ ጭስ ይለዋል። የውሃ እንፋሎት ነው። ሊያስጨንቀን የሚገባው ጋዝ ቀለም የለውም። የአንድ ቶን ሊግናይት ግማሽ ያህሉ ውሃ፣ ሩብ ያህሉ ካርቦን ነው። ያ ሩብ ቶን ካርቦን ሲቃጠል ከአየር ኦክስጅን ይጨምርበትና አንድ ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። በሌላ አነጋገር የገባውን ያህል ክብደት ወደ ሰማይ ይመለሳል። ለዚህ ሁሉ የሚገኘው ኤሌክትሪክ 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ሊግናይትን ከነዳጆች ሁሉ ከቆሻሾቹ ተርታ የማሰልፈው በዚህ ስሌት ነው፤ ውሃውን ለማትነን ብቻ ስንት ሙቀት ይባክናል!

ከሰዓት በኋላ ወደ ሃምባህ ደን ሄድን። ከ4,000 ሄክታር በላይ የነበረው ደን ዛሬ የቀረው ጥቂት መቶ ሄክታር ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ፖሊስ የደኑን ምንጣሮ የሚቃወሙ ሰዎች በዛፍ ላይ የሠሯቸውን ቤቶች ማፍረስ ጀመረ፤ በጥቅምት ፍርድ ቤት ምንጣሮውን አገደ። የኦክ ዛፎቹ ሥር ቆሜ ያንን ጥቁር ግንድ አሰብኩ። ከላይ የቆመ ደን፣ ከታች የተኛ ደን፤ የታችኛውን ለማውጣት የላይኛው ይቆረጥ ነበር። ለአጎራባቹ የማንሃይም መንደር ግን ውሳኔው ዘግይቶበታል፤ ነዋሪዎቹ አዲስ ወደ ተሠራላቸው መንደር ተዛውረው አብዛኛው ቤት ፈርሷል። አስጎብኚዬ በባዶው መንገድ ሲነዱ አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ዕቅዱ እ.ኤ.አ. ከ2030 ጀምሮ ጉድጓዱን ከራይን ወንዝ በሚመጣ ውሃ መሙላት ነው። ለመሙላት ወደ 40 ዓመት ይወስዳል። «እኔ አስወጣሁ፤ የልጅ ልጆቼ ያስገባሉ» አሉ አስጎብኚዬ። ሐይቁ ያምር ይሆናል። «መልሶ ማቋቋም» የሚለውን ቃል ግን ልቀበለው አልቻልኩም። ሸክላና አሸዋ ተራ በተራ ተደርድረው የከርሰ ምድሩን ውሃ በየደርቡ ይዘው ነበር፤ ተቆፍሮ የተደፋ አፈር ያንን ድርድር መልሶ አይሠራም።

ስንለያይ ቁራጩን ግንድ ሰጡኝ። «ላስቲኩን አይፍቱት» ብለው አጥብቀው አሳሰቡኝ። ሆቴል ገብቼ ቀለበቶቹን ለመቁጠር ፈታሁት፤ ሰባ ሁለት ደርሼ እንቅልፍ ጣለኝና ጠረጴዛው ላይ ትቼው ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ ቀለሙ ፈዝዞ ነበር። በቀለበቶቹ መካከል ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆች ዞረውታል፤ ሳነሣው የውጭው ንጣፍ ተላቅቆ መዳፌ ላይ ቀረ።