እማማ፣ ቤዝቦልና የቅዳሜ ማታ ፊልማችን

ከቤተሰብ ጋር የሚታይ ፊልም መምረጥ ለኛ ለሐበሾች ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እኛ የምንኖረው ዳላስ አጠገብ ነው። ሳሎናችን ውስጥ የ14 ዓመት ጎረምሳ፣ የ6 ዓመት ሴት ልጅ፣ ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡት የባለቤቴ እናት፣ እኔና እሱ አለን። የአማርኛ ድራማ ሲከፈት ጎረምሳው ስልኩ ውስጥ ይገባል። እንግሊዝኛው ሲከፈት ደግሞ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሰዎቹ ከንፈር ለከንፈር ይገጥማሉ። ያኔ ባለቤቴ ሪሞት ፍለጋ ሶፋውን ያተራምሳል፣ እኔ «ቡናው ገነፈለ መሰለኝ» ብዬ እነሳለሁ፣ እማማ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ ያደርጋሉ። ልጆቹ የሚስቁት በፊልሙ ሳይሆን በኛ ነው።

«ዘ ሩኪ»ን የመረጠው ልጄ ነው፤ ትምህርት ቤት ቤዝቦል ይጫወታል። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ የዲዝኒ ፊልም ነው፣ ዋናው ተዋናይ ዴኒስ ኩዌድ። አሜሪካኖች ለፊልም ደረጃ ሲሰጡ «ጂ» ካሉት ሕፃንም ሽማግሌም ይየው ማለታቸው ነው፤ ይሄም «ጂ» ነው። ካርቱን ሳይሆን የትልልቅ ሰዎችን ኑሮ የሚያሳይ ፊልም ይህን ደረጃ ሲያገኝ እምብዛም አላይም። እውነትም እስከ መጨረሻው ሪሞት ፍለጋ የተነሳ አልነበረም።

ታሪኩ እውነተኛ ነው። ጂም ሞሪስ የሚባል ሰው ቢግ ሌክ በምትባል ትንሽ የምዕራብ ቴክሳስ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ሳይንስ አስተማሪና የቤዝቦል አሠልጣኝ ነበር። በወጣትነቱ፣ በ1983፣ ሚልዋኪ ብሩወርስ የሚባሉት የትልቁ ሊግ ቡድን መልምለውት ነበር፤ ክንዱ እየተጎዳ፣ እየተቀደደ እየተሰፋ ኳሱን ተወው። በ1999 ተማሪዎቹ «እኛ የወረዳውን ዋንጫ ከወሰድን አንተ ደግሞ ለትልቁ ሊግ ትሞክራለህ» ብለው ቃል አስገቡት። ዋንጫውን ወሰዱ። እሱም ሦስት ልጆቹን ይዞ ታምፓ ቤይ ዴቪል ሬይስ የሚባለው የትልቁ ሊግ ቡድን ተጫዋች ወደሚፈትንበት ሜዳ ሄደ፤ በሰዓት 98 ማይል ወረወረ። 158 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። መቺው የሚቆመው ከወርዋሪው 18 ሜትር ርቆ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ኳስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ይደርስበታል። ሰውየው በዚያን ጊዜ 35 ዓመቱ ነበር። በዚህ ጨዋታ ሌሎች ጡረታ ማሰብ የሚጀምሩበት ዕድሜ ነው።

ፊልሙ የሚጀምረው ግን በኳስ አይደለም፣ በመነኮሳት ነው። ገንዘባቸውን ለነዳጅ ፍለጋ ያዋጡ ሁለት መነኮሳት ደረቁ መሬት ላይ የጽጌረዳ አበባ ይበትናሉ። ቅድስት ሪታን፣ ለማይሆን ነገር የምትለመነውን፣ እየተማጸኑ ነው። (ቢግ ሌክ አጠገብ «ሳንታ ሪታ ቁጥር 1» የሚባል ጉድጓድ አለ፤ በ1923 እውነትም ነዳጅ ፈልቆበታል።) ልጄ ይህን ለእማማ ሲተረጉም «እንደኛዋ አርሴማ ናታ!» አሉና ትራሳቸውን አመቻችተው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም፣ መቁጠሪያም ተረሳ። ዱላውን ሲያዩ «ገና ነው እንዴ የሚጫወቱት?» አሉ። አሠልጣኙ ልጆቹን ሲገሥጽ ደግሞ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው ተረቱበት።

ትንሿ ልጄን የያዛት አንድ ቦታ ነው። ሞሪስ ማታ ብቻውን መኪናውን ያቆምና፣ መንገድ ዳር የተተከለውን የፍጥነት መለኪያ ሰሌዳ አልፎ ኳስ ይወረውራል፣ የክንዱን ጉልበት ለማወቅ። ሰሌዳው 76 ይላል። አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ከሄደ በኋላ ግን የጠፋችው የሰሌዳው መብራት ብልጭ ትልና ቁጥሩ 96 ይሆናል። ልጄ ቴሌቪዥኑ ላይ ልትወጣ ምንም አልቀራት፤ «ጥሩት! ተመለስ በሉት!» እያለች ጮኸች። ጎረምሳው በእንግሊዝኛ ሊያስረዳት ሲሞክር አልሰማችውም።

እኔ ዓይኔ የነበረው ባለቤቴ ላይ ነው። እሱም አገር ቤት ፊዚክስ ያስተምር ነበር፤ እዚህ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፣ ቅዳሜ ዕረፍቱ ነው። ተማሪዎቹ ሞሪስን «አንተ የተውከውን ሕልም እኛን ያዙት ትለናለህ» ብለው ፊት ለፊት ሲያፋጥጡት የጠቀለለውን ጉርሻ በእጁ እንደያዘ ቀረ። ወጡ ወደ ክርኑ ወረደ። ምን እንዳሰበ አልጠየቅኩትም፣ የሚናገርም ሰው አይደለም።

የሞሪስ አባት የባሕር ኃይል ሰው ነው፤ ልጁን ከከተማ ከተማ እያዞረ ያሳደገ፣ ፊቱ የማይፈታ። የሚሰጠው ምክርም ደረቅ ነው፤ የምትፈልገውን ማሰብ ይቻላል፣ የተፈጠርክለትን የምትሠራበት ሰዓት እስኪደርስ ድረስ፣ ይለዋል። ይህ ንግግር በኛ ቤቶች «ኳሱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ትምህርትህን» ተብሎ በየማታው ይባላል። ጎረምሳው የአንድ ጆሮውን ማዳመጫ አውልቆ አባቱን በጎን ያየው እዚህ ላይ ነው። ለፊልሙ ከምሰጠው ምስጋና ትልቁ ይሄ ነው፤ አባትየውን ክፉ አላደረገውም። ልጁን ይወዳል፣ አወዳደዱን ነው የማያውቅበት። እንዲህ ያለውን አባት ልጅና አባት አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ማየታቸው፣ ስድብና ከንፈር የሌለበት ከመሆኑ ይበልጥ ለቤተሰብ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

የማልስማማበት ሚስቲቱ ላይ ነው። ሰውየው በየከተማው በአውቶቡስ እየዞረ ወደ ትልቁ ሊግ መወጣጫ በሆኑት ትንንሾቹ ሊጎች ሲጫወት፣ ሎሪ ሦስት ልጅ ይዛ ቤት ቀርታለች፣ ያልተከፈለ ሂሳብ ተከምሯል። ፊልሙ ይህን በጥቂት የስልክ ንግግር ያልፈዋል። ባለቤቷ ረጅም መንገድ ትራክ የሚነዳ ሐበሻ ሴት ሁሉ ከስልኩ ወዲህ ማዶ ምን እንዳለ ታውቃለች፤ የታመመ ልጅ፣ የፈሰሰ ቧንቧ፣ «ደህና ነን» የሚል ውሸት። ይህን የተናገሩት ግን እኔ ሳልሆን አማቴ ናቸው። «እሱስ ወረወረ፤ ልጆቹን ማን አሳደረ?» አሉ፣ ልጃቸውን እያዩ። ባለቤቴ ሳይጠሩት ተነስቶ ሲኒ ሰበሰበ።

መጨረሻው ለኛ የሰፈር ወሬ ነው። ሞሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቁ ሊግ ላይ የወረወረው መስከረም 18 ቀን 1999 እ.ኤ.አ.፣ እዚሁ አርሊንግተን፣ ከቴክሳስ ሬንጀርስ ጋር ነው። የሬንጀርሱን መቺ ሮይስ ክሌይተንን ኳስ ሳያስመታ አስወጣው። ሬንጀርስ በ2020 ጎን ወዳለው አዲስ ስታዲየም ቢዛወሩም አሮጌው አሁንም እንደቆመ ነው፣ በአጠገቡ ስናልፍ ልጄ እያመለከተ ያሳየናል። በ2023 ዋንጫ ሲወስዱ ቤታችን ውስጥ የነበረውን ጩኸት ጎረቤት ይመስክር። ፊልሙን ያየን ማታ ግን ትንሿ ታሪኩ አርሊንግተን ሳይደርስ ተኝታለች። ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፤ ትንንሽ ልጅ ያላችሁ በጊዜ ጀምሩት።

ጎረምሳው ወዲያው ስልኩ ላይ ፈለገና፣ ሰውየው በጠቅላላው የተጫወተው 21 ጨዋታ ብቻ እንደሆነ፣ በግንቦት 2000 እንዳበቃለት አነበበልን። ባለቤቴ ተቆጣ፣ «ይሄን ለምን አላሳዩም? ሰው ማታለል ነው!» ልጁ ደግሞ «አባዬ፣ እንደዛ ቢያልቅ ማን ያየዋል?» አለ። አንዱ በአማርኛ ሌላው በእንግሊዝኛ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከሩ። እማማ መሐል ላይ ተቀምጠው «ምን አለ? ምን አለው?» ይላሉ። የሚቀጥለው ቅዳሜ የመምረጥ ተራው የሳቸው ነው፤ ሠርግ ያለበት እንዲሆን ከአሁኑ አስጠንቅቀውናል።