እኔ በሌለሁበት ማን ምን ይወስናል?

ሥራዬ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ነው። ስትሮክ የመታው፣ እሳት ያቃጠለው፣ ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ወይም ሴሬብራል ፓልሲ (ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበት ሰው የዕለት ኑሮውን በራሱ እንዲወጣ እናለማምዳለን። መልበስ፣ መብላት፣ መታጠብ፣ መስገድ፣ ቡና ማፍላት፣ ወደ ሥራ መመለስ፤ ሁሉም እኛ ጋ ይመጣል። በአገራችን ባለሙያው ገና ጥቂት ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ማስተማር ከጀመረ ብዙ ጊዜ አልሆነውም። እኔ የምሠራባት ጅማ ያለች ትንሽ ክሊኒክም ያላት ቴራፒስት እኔ ብቻ ነኝ። ታካሚው ግን ከከተማው ብቻ ሳይሆን ከሰቃም ከዴዶም ከአጋሮም ይመጣል። ስለዚህ ሥራው በሌሎች እጅ ያልፋል። እነዚያን እጆች እንዴት እንደምመራ ልንገራችሁ፤ ምናልባት ነርስ ለምትመሩ ወይም ፊዚዮቴራፒ ክፍል ለምትሠሩም ይጠቅማል።

አሜሪካኖቹ ነገሩን በሁለት ደረጃ ከፍለውታል። ረዳት ቴራፒስት የሚባለው ሁለት ዓመት ገደማ ኮሌጅ ተምሮ፣ ተፈትኖ ፈቃድ የሚያወጣ ነው። አጋዥ የሚባለው ደግሞ ሥራ ላይ የሚሠለጥን ነው። እኛ ክሊኒክ እንዲህ ያለ መደብ ስላልነበረ ራሴ ፈጠርኩት። ሁለቱ ረዳቶቼ በነርሲንግ ዲፕሎማ ያላቸው ናቸው። ከአጋዦቹ አንዱ ጠንካራ ወጣት ነው፤ ሰው ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሲዛወር እሱ አይጠፋም። ሌላዋ የታመሙ ባላቸውን ለዓመታት ያስታመሙ፣ እድሜያቸው ከእናቴ ጋር የሚቀራረብ ሴት ናቸው። ሁላችንም «ማዘር» ነው የምንላቸው።

ምዘናና እቅድ የእኔ ነው። ረዳት መረጃ ሊሰበስብልኝ ይችላል፤ መረጃው ምን ማለት እንደሆነ የምወስነው ግን እኔ ነኝ። በእቅዱ ውስጥ ደግሞ ረዳቷ ነፃነት አላት። ታካሚው ከደከመ ልምምዱን ታሳጥራለች፣ ከቀለለው ታከብድበታለች። ግቡን መቀየርና «ከእንግዲህ አትምጣ» ማለት ግን አትችልም። ለአጋዥ ታካሚን የሚነካ ሥራ ስሰጥ መመዘኛዬ የአሜሪካ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ማኅበር መመሪያ ላይ ካለው የተቀዳ ነው። ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ ሥራ መሆን አለበት። የታካሚው ሁኔታ የተረጋጋ፣ ያንን ነገር ከዚህ በፊት ሠርቶ ያሳየ ይሁን። ቦታው ላይ ማሰብና መቀየር የሚጠይቅ ነገር አይኑርበት። አጋዡም ሥራውን ፊቴ ሠርቶ ያሳየኝ፣ አደጋውንም የሚያውቅ መሆን አለበት። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ሥራው ወደ ረዳቷ ወይም ወደ እኔ ይመለሳል።

ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ቡና ላይ ስታመጡት ነው የሚከብደው።

ጅማ ውስጥ ቡና ማፍላት ለብዙ ሴት ታካሚዎቻችን የመጀመሪያው ምኞት ነው። «እጄ ይዳንልኝ» ከማለት ይልቅ «ጀበናዬን ላንሳ እንጂ ሌላው ይቅር» ይላሉ። ለቴራፒስት ቡና ወርቅ ነው፤ ሁለቱም እጅ ይሠራል፣ ሚዛን ይጠብቃል፣ ቅደም ተከተል ያስታውሳል። ግን እሳት አለበት። ከስትሮክ በኋላ እጇ እየተንቀሳቀሰ ሙቀት የማይሰማት ሴት አለች፤ የጋለ ምጣድ ይዛ ስትቃጠል አታውቀውም። ዓይኗ ደህና ሆኖ በግራ በኩል ያለውን ነገር ጨርሶ ልብ የማትልም አለች፤ ከሰሉ በግራ ከሆነ ቀሚሷ ላዩ ላይ ያርፋል። የሚጥል በሽታ ያለባትም ትመጣለች።

ስለዚህ ቡናውን ቆራረጥኩት። ማዘር ዕቃውን ያቀርባሉ፣ ጀበናው ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ይለካሉ፣ ወለሉ እርጥብ አለመሆኑን ያያሉ። ረዳቷ በቀዝቃዛው ጀበና ማንሳትና መቅዳት ታለማምዳለች፤ መጀመሪያ ውሃው ጥቂት፣ ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ ሙሉ። ከሰል የሚለኮሰው እኔ የእጇን ስሜት፣ የዓይኗንና የልቧን ትኩረት ፈትሼ ስፈቅድ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቆላም እኔ አጠገቧ አለሁ። ቤተሰብ «ኧረ ዛሬ ትቁላ፣ ደህና ናት እኮ» ብሎ ቢለምንም ረዳቷ እሺ አትልም።

ከቡና ጋር በርጩማም ይመጣል። የጅማ በርጩማ ስሙ የታወቀ ነው፤ ዳሌዋን ተሰብራ መገጣጠሚያዋ ለተቀየረላት ሴት ግን ዝቅ ያለ መቀመጫ ጠንቅ ነው። ለማን የትኛው መቀመጫ እንደሚሆን አጋዥ እንዲገምት አልፈልግም። አናጺ ዘንድ ከፍ ያለ በርጩማ አሠርተን እግሩን ሰማያዊ ቀባነው። በታካሚዋ የመመሪያ ካርድ ላይ «ሰማያዊ» ከተጻፈ ሰማያዊው ይቀርባል፤ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ከማከፋፈሌ በፊት የምጠይቀው ይህን ነው፦ እዚህ ውስጥ ያለውን ውሳኔ አስቀድሜ ወስኜ በቀለም፣ በምልክት ወይም በልክ ማስቀመጥ እችላለሁ? ከቻልኩ ለአጋዥ ይሰጣል። ካልቻልኩ አይሰጥም።

ካርዱ ለእያንዳንዱ ታካሚ አለ፤ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ። ምን ይሠራል፣ ምን ያህል ይታገዛል፣ መቼ ይቆማል። ሦስተኛውን በደማቅ ቀይ ነው የምጽፈው። ስትሮክ የመታው ሰው ሲበላ ካሳለ፣ ድምፁ ውሃ እንደያዘ ከሆነ ወይም ምግብ ጉንጩ ውስጥ ከቀረ መመገብ ይቆማል። ጉዳቱ ከደረቱ መሃል በላይ የሆነ የህብለ ሰረሰር ታካሚ ድንገት ራሱን አጥብቆ ካመመውና ካላበው አጋዡ ቀና አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ ጮክ ብሎ ይጠራል። ልብሱን ማላላትና የሽንት ቱቦው መታጠፉን ማየት የረዳቷ ነው፤ የደም ግፊቱ ወደ ላይ ሊወረወር ስለሚችል ደቂቃም አይባክንም። ስፕሊንት (እጅን ወይም እግርን በቦታው የሚይዝ ድጋፍ) ሲወልቅ ቆዳ ይታያል። የውጭ መጻሕፍት «የቀላ ቦታ ፈልግ» ይላሉ፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ካርዱ «ዳስሽ» ነው የሚለው። ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠጠረ፣ የጠቆረ ቦታ ካለና ቶሎ ካልጠፋ ስፕሊንቱ ተመልሶ አይታሰርም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ርኅራኄ ነው። የእኛ ሰው ሲያዝን ይሠራልሃል። አንድ አዛውንት ሸሚዛቸውን ሲታገሉ ቆሞ ማየት ጭካኔ ይመስላል፤ ቤተሰብም በዓይኑ ይቆጣሃል። አጋዡ ብድግ ይልና ሸሚዙን ያለብሳል፤ አዛውንቱም ይመርቁታል። ምርቃቱ ጥሩ ነው፤ ልምምዱ ግን ቀረ። «አትርዳ» ብዬ ማዘዝ አልሠራልኝም። የሠራው ለአጋዡ ሌላ ሥራ መስጠት ነው፦ የት ላይ በእጁ እንዳገዘ ይቆጥራል። እጅጌ ላይ? ቁልፍ ላይ? ትከሻ ላይ? ሲቆጥር እጁ ይታገሣል። በነገራችን ላይ የደከመው እጅ መጀመሪያ ይገባል፣ ሲወልቅ መጨረሻ ይወጣል። በዚያ እጅ ሰው አይሳብም፤ ትከሻው ሊወልቅ ይችላል። ይህን ለባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀር እናስተምራለን።

ምግብም እንዲሁ ነው። ቀኝ እጁ የደከመ ሰው በግራ ብላ ቢባል ብዙ ጊዜ እምቢ ይላል፤ ነውር ነዋ። ያኔ ጉርሻ ይጀመራል። ጉርሻን እወዳለሁ፣ ግን በቀን ሦስቴ ለአንድ ዓመት ማን ይጎርሳል? መዋጡን ከፈተሽን በኋላ የማንኪያውን እጀታ በጨርቅ እናወፍራለን፣ ረዳቷ ክርኑን ከሥር ትደግፋለች፣ ቀኝ እጁ ራሱ ወደ አፉ ይሄዳል። ግራውን መጠቀም ይሻል እንደሆነ የምንነጋገረው እኔና ታካሚው ነን፤ አጋዥ አይጫነውም።

ሪፖርት ላይ ደግሞ «ደህና ነው» የሚለውን አልቀበልም። ምን አየሽ፣ ካለፈው ምን ተለየ፣ የቱ ጋ አገዝሽ ብዬ ነው የምጠይቀው። «ገባሽ?» ብዬም አልጠይቅም፤ ለይሉኝታ ሲባል ሁሉም ገብቶታል። እኔ አልጋ ላይ እተኛለሁ፣ አንድ እጄን ሽባ አደርጋለሁ፣ «በይ አንሺኝ» እላለሁ። የዊልቸሩ ፍሬን ካልተያዘ እዚያው ይታወቃል። ይህ በተለይ ለማዘር ጠቅሞኛል። በእድሜ እናቴ የሚሆኑን ሴት ታካሚ ፊት ማረም አይታሰብም። ታካሚ ሆኜ ስተኛ ግን ትከሻዬን ሲስቡት «ኧረ ማዘር አመመኝ» እላለሁ፤ «ውይ ልጄ» ብለው ይስቃሉ፣ አያያዛቸውንም ያስተካክላሉ።

እሳቸው ደግሞ እኔን ያርሙኛል። ከገጠር የመጡ እናቶች ለእኔ የማይነግሩኝን በአፋን ኦሮሞ ለእሳቸው ይነግሯቸዋል፤ ቤት ውስጥ ማን እንደሚያነሳቸው፣ መጸዳጃው የት እንደሆነ፣ የተሰጠው ስፕሊንት ሣጥን ውስጥ መቆለፉን። አንድ ነገር ብቻ ተስማማን። ሲያስተረጉሙልኝ እንዳያሳጥሩ። ረጅም ወሬ አውርተው «ደህና ነኝ ነው የምትለው» የሚሉኝ ነገር ነበር።

ሌላው ቀላል ነው። አዲስ ታካሚና ሁኔታው የተለወጠ ታካሚ መጀመሪያ በእኔ በኩል ያልፋል። አዲስ ረዳት ዓይኔ ሥር ይሠራል፤ እያደር እርቃለሁ፣ ግን ሳልናገር ገብቼ ማየቴን አልተውም። ስብሰባችን ሰኞ ጠዋት ነው፤ ዓርብ ከሰዓት ጁምዓ ስላለ። ለሴት ታካሚ እጥበት ሴት ብቻ። ቴሌግራም ላይ የድምፅ መልእክት ይፈቀዳል፣ የታካሚ ፊት አይፈቀድም። ማስታወሻውን የሠራው ሰው ይጽፋል፤ እኔ አንብቤ እፈርማለሁ፤ ያላየሁትን እንዳየሁ አድርጌ አልፈርምም።

ሰው ሠልጥኖ መሄዱ አይቀርም። በቅርቡ አንዱ ረዳቴ አዲስ አበባ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሊለቅ ነው። ለዚህ ብዬ እያንዳንዱን ታካሚ ሁለት ሰው እንዲያውቀው አድርጌያለሁ፤ ርክክቡም ታካሚው ባለበት፣ ካርዱ በእጅ ተይዞ ነው የሚሆነው። የአጋዦች ደመወዝ ግን እስካሁን ከጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ እኩል ነው። ደረጃ ይሠራላቸው ብዬ ለክሊኒኩ ባለቤት ጽፌያለሁ፤ በጀት የለም ተብያለሁ። አሁን እያንዳንዳቸው ምን መሥራት እንደሚችሉ፣ መቼ ፊቴ ሠርተው እንዳሳዩኝ የሚያሳይ ሰንጠረዥ እያዘጋጀሁ ነው፤ በመስከረም ይዤው እገባለሁ።